ስለ ድባቴ መድኃኒት አወሳሰድ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተነገረ)



በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን ነፍሳቸውን ይማር፤ የቀሩትንም ቤተሰቦች ያጽና እንላለን።

የእድራችን ሥራ የታወቀ ነው። ጥሩንባ ሲነፋ እንነሣለን፤ ድንኳን እንተክላለን፤ ወንበርና ድስት እናወጣለን፤ ቀብር እናስፈጽማለን፤ ከሐዘንተኛውም ጋር እንቀመጣለን። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ዕቃው ተቆጥሮ ወደ መጋዘን ይገባል፤ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄዳለን። ሐዘንተኛው ግን እዚያው ነው። ከአርባው በኋላ እንዴት እንደ ዋለ፣ ከሰማንያው በኋላ እንዴት እንዳደረ የምንጽፍበት መዝገብ የለንም።

እኛ ይህን መዝገብ ብዙ ዓመት ስንጽፍ ኖረናል። በዚያ መዝገብ ውስጥ የሞቱ ምክንያት «ድንገተኛ» ተብሎ የተጻፈ አለ። ምን ማለት እንደ ሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን አያወራውም። ያ ሰው ከመሞቱ በፊት ብዙ ወር ሲከሳ፣ ሲጠቁር፣ ከሰው ሲሸሽ ታይቷል። መድኃኒትም ጀምሮ ነበር፤ «የእብድ መድኃኒት ይወስዳል» የሚል ወሬ በሰማ ጊዜ ተወው። ዛሬ ለመናገር የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው። በሰፈራችን ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ጥቂት አይደሉም፤ የሚወስዱት ግን ተደብቀው ነው። ተደብቆ የሚወሰድ መድኃኒት ደግሞ በደንብ አይወሰድም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች አነጋገር እዚህ ላይ ይሠራል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። እኛ የጽሕፈት ሰዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ትምህርታችንም አንደኛ ደረጃ ነው። የምንናገረውን በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት ከሚያገለግሉ የእድራችን ልጆች ጠይቀን፣ በመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውንም ወረቀት አስነብበን ነው። ስለዚህ ንግግራችን ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ መንገድ ነው እንጂ የሐኪምን ቦታ የሚይዝ አይደለም።

ለመሆኑ ድባቴ ምንድን ነው? ዱሮ እኛ ድብርት፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ ሐሳብ በዛበት እያልን የምንጠራው ነው። ሐዘን ሁሉ ድባቴ አይደለም። የሞተበት ሰው ያለቅሳል፤ እንባው ሲወርድለት ይቀለዋል፤ የልጅ ልጁ ሲስቅ ፈገግ ይላል፤ እያደርም እየተጽናና ይሄዳል። ይህ የጤነኛ ሰው ሐዘን ነው፤ ክኒን አያሻውም። ድባቴ የያዘው ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ፣ በየቀኑ፣ አብዛኛውን ቀን ልቡ ይጨልምበታል። ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ያስጠላዋል፤ እንቅልፍ ያጣል፣ ወይም ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል፤ እህል አልበላ ይለዋል፤ ይደክመዋል፤ ራሱን ይወቅሳል፤ ሲብስም ከመኖር ሞቴ ይሻላል ይላል። ብዙ ሰው ደግሞ «አዘንሁ» ብሎ አይመጣም። «ራሴን አመመኝ፣ ወገቤን ቆረጠመኝ፣ ጨጓራዬ ተነሣ፣ ሰውነቴ ተቃጠለ» እያለ ነው ሐኪም ቤት የሚመላለሰው። ቀለል ላለው ሕመም ምክርና የንግግር ሕክምና ሊበቃ ይችላል፤ ለጠናው ግን ሐኪሙ መድኃኒት ያዝዛል።

መድኃኒቱ ከሰማይ የወረደ፣ ወይም ትናንት የመጣ ሙከራ አይደለም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ኢፕሮኒያዚድ የሚባል መድኃኒት ሲሰጣቸው መንፈሳቸው ሲነቃቃ ሐኪሞች አዩ። በስዊትዘርላንድ ደግሞ ሮላንድ ኩን የተባሉ ሐኪም ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ድባቴን እንደሚያሻሽል ተመልክተው በ1957 (እ.ኤ.አ.) ጽፈው አስታወቁ። የኢሚፕራሚን ዘመድ የሆነው አሚትሪፕቲሊን በ1961፣ ፍሉኦክሰቲን ደግሞ በ1987 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአሜሪካ ተፈቀዱ። በእኛም አገር በብዛት የሚታዘዙት እነዚህ ሁለቱ፣ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ናቸው፤ ሰርትራሊን የሚባለውም አለ። የሚታዘዙትም በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ አይደለም፤ በሌሎች ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

እዚህ ላይ ለወሬኞች አንድ ቃል አለን። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ለማይግሬን ራስ ምታት፣ ስኳር ላመጣው የእግር ማቃጠልም ይታዘዛል። ስለዚህ በጎረቤት እጅ ያንን ክኒን አይቶ «እገሌ እንዲህ ሆነ» ማለት ነውር ብቻ ሳይሆን ስሕተትም ነው።

አሁን ወደ አወሳሰዱ እንግባ። እንዳይረሳ በተራ ቁጥር እናስቀምጠዋለን።

አንደኛ፤ ለሐኪሙ ሁሉንም መናገር። መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ያለባችሁን ሕመም፣ የምትወስዱትንም ሌላ መድኃኒት አንድ ሳታስቀሩ ንገሩ። የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የዓይን ግፊት፣ በሽማግሌዎች ላይ የሚመጣው የፕሮስቴትና ሽንት አልወርድ የማለት ችግር ያለበት ሰው አሚትሪፕቲሊን ሊጎዳው ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የምታጠባም እናት ትናገር፤ መድኃኒት ጀምራ ያረገዘችም በድንጋጤ በራሷ አታቋርጥ፤ ከሐኪሟ ጋር ትማከር። ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳይተኛ ጉልበቱ የማያልቅ፣ ያለ ልክ የሚያወራ፣ ገንዘብ የሚበትን ሆኖ የሚያውቅ ሰው፣ ወይም እንዲህ ያለ ዘመድ ያለው፣ ይህንንም ይናገር። ለእንዲህ ያለው ሰው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጠው ያንን ሁኔታ ሊቀሰቅስበት ይችላልና ነው።

ሁለተኛ፤ መጠኑንና ሰዓቱን መጠበቅ። አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ያመጣል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ማታ ሲተኙ ይወሰዳል። አብዛኛውን ጊዜ በ25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ሐኪሙ ቀስ እያለ ይጨምረዋል። ፍሉኦክሰቲን ደግሞ እንቅልፍ ሊከለክል ስለሚችል ጧት ይወሰዳል፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው። ለአረጋውያን ከዚህም ዝቅ ብሎ ይጀመራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ነው። አንድ ቀን የረሳ ሰው በዚያው ቀን ካስታወሰ ይውሰድ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ይተወው። ሁለት ቀኑን በአንድ ጊዜ አጥፎ መዋጥ የለም።

እስቲ የጸሐፊ ምክር እንጨምር። አንድ የሃምሳ ሉክ ደብተር ግዙ። አራት መሥመር አስምሩበት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተወሰደው መጠን፣ የታየው ነገር። በየቀኑ አንድ መሥመር ጻፉ፤ መጻፍ ያልቻለ ልጁን ያስጽፍ። በቀጠሮ ቀን ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲል «ደኅና ነኝ» ከማለት ደብተሩን መዘርጋት ይሻላል። ሐኪሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የአንድ ወር ኑሮአችሁን ያነባል።

ሦስተኛ፤ ትዕግሥት። ይህ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን በግማሽ ሰዓት አይሠራም። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው፤ በሚገባ ለመሥራት ስድስትና ስምንት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት የእድራችን እናት ሦስት ሳምንት ወስዳ «ምንም አልፈየደኝም፤ አፌን ብቻ አደረቀው» ብላ ተወችው። ልጇ መልሳ ወሰደቻትና ሐኪሙ መጠኑን አስተካከለላት፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። እንግዲህ የመድኃኒቱ ጉዳት በመጀመሪያ ይመጣል፤ ጥቅሙ ኋላ ይመጣል። ይህን ያላወቀ ሰው ጉዳቱን ቀምሶ ጥቅሙ ሳይደርስ ይተወዋል።

አራተኛ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠንቀቅ። ይህ ከሁሉ የከበደው ነጥብ ስለ ሆነ ጆሮአችሁን ስጡን። በተለይ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች በሆኑ ልጆችና ወጣቶች ላይ፣ መድኃኒቱ ሲጀመርና መጠኑ ሲለወጥ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር እንደሚችል ታውቋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ ላይ እንዲጻፍ አዟል። ይህ ማለት መድኃኒቱ አይወሰድ ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ራሱ ሳይታከም ሲቀር ይገድላልና። ቤተሰብ አይለይ ማለት ነው። ሰውየው ቁጭ ማለት ካቃተው፣ ከተቁነጠነጠ፣ ከወትሮው የባሰ ከተናደደ፣ ስንብት የሚመስል ነገር ከተናገረ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። «ራስህን ልትጎዳ አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። መልሱ «አዎን» ከሆነ ብቻውን አይተው፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

እንዲህ ባለው ጊዜ ክኒኑን ሌላ ሰው ይያዘው። አሚትሪፕቲሊን ከልክ በላይ ሲዋጥ ልብን ይጎዳል፤ ሕፃን ልጅን ጥቂት ክኒን እንኳ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የሚከማች መድኃኒት በቤት አይኑር፤ ሐኪሙን ለአጭር ጊዜ የሚበቃውን ብቻ እንዲያዝ ለምኑት። ያለውም ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ትራስ ሥር፣ መስኮት ላይ፣ ከስኳር ዕቃ አጠገብ ማስቀመጥ ይቅር። ልጅ ከዋጠ የሚሆነውን ለማየት አትጠብቁ፤ ካርቶኑን ይዛችሁ ሩጡ።

አምስተኛ፤ የሚመጣውን የጎን ጉዳት ማወቅ። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፤ ሆድ ያደርቃል፤ ዓይን ያደበዝዛል፤ ከተቀመጡበት ሲነሡ ያዞራል፤ ክብደትም ሊጨምር ይችላል። ለአፉ ቶሎ ቶሎ ውኃ ጎንጨት ማለት፤ ለሆድ ድርቀቱ ውኃ፣ ጎመን፣ ተልባና በእግር መሄድ ይረዳሉ። ሌሊት ለሽንት የሚነሡ ሽማግሌዎች ዘለው አይነሡ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ይቀመጡ፤ መብራት ያብሩ፤ ከዚያ ይቁሙ። መውደቅና የዳሌ አጥንት መሰበር ቀላል ነገር አይደለም። ሾፌሮችም መድኃኒቱ እንዴት እንደሚያደርጋቸው እስኪያውቁ መሪ አይያዙ። ፍሉኦክሰቲን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻል፤ ራስ ያማል፤ ያቁነጠንጣል፤ ከምግብ ጋር ቢወሰድ ማቅለሽለሹ ይቀላል። የባልና ሚስትን ነገርም ሊያደክም ይችላል። በዚህ አፍሮ ስንቱ ሰው መድኃኒቱን በዝምታ ተወው! ለሐኪም የሚታፈር ነገር የለም፤ መጠኑ ሊስተካከል ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ጀምሮ ቢዘባርቅ፣ በጣም ቢደክም፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ በደም ውስጥ ያለው ጨው ቀንሶ ሊሆን ይችላልና ይመርመር።

ጊዜ የማይሰጡትን ደግሞ ለይታችሁ ያዙ። ልብ ያለ ሥርዓት መምታት፣ ራስን መሳት፣ ሽንት ጨርሶ መከልከል፣ ዓይንን በኃይል ማመም፣ የሚጥል መንፈራገጥ፤ እንዲሁም ትኩሳት ከላብ፣ ከመንቀጥቀጥ፣ ከመገተርና ከመቃዠት ጋር ሲመጣ፤ እነዚህ ወዲያው ሆስፒታል የሚያስሄዱ ናቸው።

ስድስተኛ፤ የማይስማሙትን አለመቀላቀል። አረቄ፣ ጠጅ፣ ጠላና ቢራ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይሄዱም። ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲሆኑ እንቅልፉን ያበዙታል፤ ይጥላሉ፤ ድባቴውንም ራሱን ያብሳሉ። ጫትም እንቅልፍ ይነሣል፤ ልብንም ያስቸኩላል፤ የሚቅም ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ የሚጥል መንፈራገጥና ከላይ የተናገርነውን ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሊንዞሊድም እንደዚሁ ነው። ፍሉኦክሰቲን የሚወስድ ሰው ለወገቡ ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ቢደራርብ ጨጓራው ሊደማ ይችላል፤ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ይታከም። የወባ፣ የኤች አይ ቪ፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒትም ሲታዘዝ «ይህን እወስዳለሁ» ማለት ነው። ፍሉኦክሰቲን ካቆሙት በኋላ እንኳ ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ስለዚህ «ባለፈው ወር ትቼዋለሁ» ተብሎ አይታለፍ።

ከአሜሪካም ከዐረብ አገርም ልጆቻችን በሻንጣ የሚልኩት መድኃኒት አለ። ልጅ ለእናቱ ማሰቡ መልካም ነው። ነገር ግን እዚህ ፍሉኦክሰቲን የታዘዘላት እናት ከዚያ የመጣ ሰርትራሊን ብትደርብ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት መድኃኒቶች ተጋጩ ማለት ነው። የመጣውን ሁሉ ወደ ሐኪሙ ወስዳችሁ አሳዩ። ጨውና በርበሬ ከጎረቤት መበደር ይቻላል፤ ክኒን ግን አይበደሩም፣ አያበድሩም። የክኒኑም ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በቀለም አትተማመኑ፤ ስሙንና ሚሊ ግራሙን አንብቡ፣ ወይም አስነብቡ።

ሰባተኛ፤ ሲሻል አለማቋረጥ። «ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው መልሶ ጥሏል። አንድ የእድራችን አባል ሥራውም፣ ጨዋታውም፣ እንቅልፉም ተመልሶለት በሦስተኛው ወር ክኒኑን ጣለ። ክረምቱ ሳይወጣ ተመልሶ በሩን ዘግቶ ተኛ፤ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረ። የዳነ ሰው ከዳነ በኋላ ቢያንስ 6 ወር፣ ብዙ ጊዜም ከ9 እስከ 12 ወር መውሰድ አለበት። ሕመሙ የተመላለሰበት ከዚያም በላይ ይወስዳል። ሲቆምም በሐኪም ትእዛዝ፣ እየቀነሰ እየቀነሰ ነው። በአንድ ቀን የተወው ሰው ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ኤሌክትሪክ እንደ ነካው ዓይነት ስሜት ሊመጣበት ይችላል። ይህን አይተው «ሱስ ሆነበት» የሚሉ አሉ። ሱስ ማለት ሰውየው መጠኑን እየጨመረ የሚያሳድደው ነገር ነው፤ ይህ እንዲያ አይደለም። ሰውነት የለመደውን ነገር ቀስ ብሎ ይተዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግዙ፤ ከገበያ ሊጠፋ ይችላልና የመጨረሻውን ክኒን አትጠብቁ። ቢጠፋም በራሳችሁ ሌላ አትተኩ።

ስምንተኛ፤ ጾምና ጸበል። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ንግግራችን ሰፈራችንን አያውቅም ማለት ነው። አሚትሪፕቲሊን ማታ ስለሚወሰድ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ጾም ጋር አይጣላም። ፍሉኦክሰቲን የሚወስድ ጿሚ ሰዓቱን እንዲያዛውርለት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የረመዳን ጿሚ በሱሑር ወይም በኢፍጣር፣ የዐቢይ ጾም ጿሚም ሲፈታ ሊወስደው ይችላል። ከዚህ ያለፈውን የነፍስ አባትን ወይም ሼኩን መጠየቅ ነው። ጸበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ መድኃኒቱ ጸበልን አይከለክልም። የሚጎዳው ጸበል ገባሁ ብሎ ክኒኑን በአንድ ቀን መጣሉ ነው። ጸሎትና መድኃኒት አብረው ቢሄዱ ማን ይከሳል?

የተከበራችሁ አባላት፤

እስከ አሁን የተናገርነው ሕመምተኛው የሚያደርገውን ነው። እድሩስ ምን ያድርግ? ለኮሚቴው የምናቀርበው አሳብ አራት ነው።

1ኛ፤ «የእብድ መድኃኒት» የሚለው ቃል ከአፋችን ይውጣ። የደም ግፊት ክኒን የሚውጠውን የልብ እብድ አንለውም። ይህን ቃል ያመጣው ምላስ ሰው ከመድኃኒቱ እንደሚያስጥል በዓይናችን አይተናል።

2ኛ፤ በግብዣና በዝክር ላይ «በሞቴ፣ አንዲት ብርሌ!» እያልን የማይጠጣውን ሰው አናስጨንቀው። «ዛሬ አልጠጣም» ያለ ሰው ምክንያቱን እንዲናገር አይገደድ። ለስላሳ፣ ውኃና ቡና በየግብዣው ይቅረብ፤ ቀርቦም አይናቅ።

3ኛ፤ ሐዘን ከደረሰበት ቤት ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ሁለት ሁለት ሰው እየተመደበ በየወሩ ይጠይቅ፤ ቢያንስ እስከ ሙት ዓመቱ። የሚሄዱት ለመምከር ሳይሆን ቁጭ ብለው ለመስማት ነው። «አይዞህ፣ በርታ፣ ወንድ አይደለህም ወይ?» ማለት ለድባቴ መድኃኒት አይሆንም። «እህል እየበላህ ነው? እንቅልፍስ? ቀጠሮህ መቼ ነው?» ማለት ይሻላል።

4ኛ፤ ለቀጠሮ የሚሸኘው ላጣ ሰው ሸኚ ይመደብ፤ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ገንዘብ ለቸገረው ከእድሩ በብድር እንዲሰጠው በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ የሌለው አባልም እንዲያወጣ ጸሐፊው ይርዳው። የሚረዳው ሰው ስም በጉባዔ አይነበብ፤ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ ብቻ ይወቁት።

ለእነዚህ ነገሮች የሚወጣው ገንዘብ ስንት ነው? ለአንድ ቀብር ከምናወጣው አይበልጥም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለም እንዴ! እድራችን የተቋቋመው ሰው በሞተ ጊዜ ብቻውን እንዳይቀር ነው። በሕይወት እያለም ብቻውን እንዳይቀር ብናደርግ ከደንባችን አንወጣም።

እንግዲህ ንግግራችንን እዚህ ላይ እናበቃለን። መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ፣ ሐኪም ሳይፈቅድ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ አትተዉ። መውሰድ የሚገባችሁና እስከ ዛሬ ያልሄዳችሁም በዚህ ሳምንት ሂዱ። ሸኚ ያጣችሁ እንደ ሆነ ለኮሚቴው ንገሩ፤ አብረናችሁ እንሄዳለን፤ የተናገራችሁትም ከእኛ አይወጣም።

ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጠን።